በሰው ቋንቋ

በዐረብ አገር በስደት በሚኖሩበት የአል-ባላድ ቤታቸው፣ ታላቅ ወንድሙ የዩኑስን ቀኝ እጅ መሬት ላይ በጉልበቱ ተጭኖ በዘነዘና መታው። አንዱ ጣት ቀጭ አለ። የዐስር ሶላቷን ሰግዳ የተቀመጠችው እናታቸው ከመስገጃዋ ብድግ ብላ ዘነዘናውን ያዘች።

«ወንድምህን ልትገድለው ነው? አላህን ፍራ!»

«ከዛሬ ወዲያ አይጽፍም፣ ኸላስ! ወንድማችንን ሐሩንን ደርግ ገደለው ብሎ በዚያች በሚያዘጋጃት የእንግሊዝኛ መጽሔት ግጥም አወጣ፣ ያውም ከነስሙ! ሰፊያ ደሴ እስር ቤት ናት። ይህን ቢሰሙ እህታችንን የሚተዋት ይመስልሻል?»

እናትየው ወደ ዩኑስ ዞረች። «ምን ብለህ ነው የጻፍከው? በኛ ቋንቋ ንገረኝ።»

ዩኑስ ከተሰነጠቀ ከንፈሩ ደም ተፋ። «እናቴ መስኮቱን ከፍታ ለልጇ ጮኸች፣ የአል-ባላድ ሰው ሁሉ ሰማ ነው የሚለው።»

«ውሸታም! እኔ መች ጮህኩ?»

እውነቷን ነበር። መርዶው የመጣ ቀን «አልሐምዱሊላህ» ብላ ቁጭ አለች እንጂ፣ ለሰፊያ ስትል ድምጿን አላሰማችም።

«አልጮህሽም፣ እማ። በአማርኛ ሰሚው ብዙ ነው። ለዚህ ነው በሰው ቋንቋ የጮህኩልሽ።»

 እናትየው ዘነዘናውን ለቀቀችና መስኮቱን በርግዳ «ሐሩኔ! ልጄን!» ብላ ጮኸች።

ታላቅየው ሮጦ አፏን አፈነ። «እማ፣ ሰፊያን ታስገድያታለሽ! ሰው እየሰማ ነው!»

እጁን ነከሰችው። ጥርሷ ሥጋው ውስጥ እስኪገባ ነከሰችውና፣ ደሙ በአገጯ እየወረደ እንደገና ጮኸች።