ከፊሽካው በኋላ የገባች ኳስ

«እትዬ ዘመነች፣ ይቺን ነጥብስ አይጽፏትም?» ደጋፊዎቹ ጠየቋት። ውጤቱ የሚጻፍበት ሰሌዳ ከመሠረተ ትምህርት ክፍል የመጣ ነው፤ ጠመኔውም የተሰጠው በዚያው ክፍል በቅርቡ ቁጥር ለለየችው ለእሷ ነበር። የኮልፌ ሴቶች አርባ አንድ ለአርባ ተሸንፈው፣ የቅርጫት ኳስ ዋንጫውን ለሦስተኛ ዓመት አጥተዋል። የመጨረሻዋን ቅጣት ምት የሳተችው ደግሞ የዘመነች የገዛ ልጇ ናት።

ልጅቷ ጫማዋን እየፈታች «ሁለተኛ ኳስ አልነካም» አለች። ደጋፊዎቹ ግን መጥተው ከበቧት።

«ካቻምና በሁለት ነጥብ ስንሸነፍ እኔ እህል አልቀመስኩም» አለ አንዱ።

«እኔን አምና ሚስቴ ማን ሞተብህ ብላኛለች!» አለ ሌላው፤ ተሳሳቁ።

ሽማግሌው አቶ ይገዙ ኳሷን አንስተው ሰጧት። «ልጄ፣ ሦስት ዓመት የተመላለስነው ለዋንጫው መስሎሽ ነው? በይ እስቲ፣ አንዴ ወርውሪ።»

ልጅቷ ጫማዋ እንደተፈታ ወረወረች። ኳሷ ቀለበቱን ዞራ ገባች። ዘመነች ለተሸነፈ ሰው እንዲህ ሲጮህ ሰምታ አታውቅም። ሁሉም ነጥቧ ትጻፍ ብለው ወደ ሰሌዳው የዞሩት ይሄኔ ነው፤ እሷ ግን ጠመኔውን እንደያዘች ዓይኗን ከልጇ ላይ አልነቀለችም። ልጇ ጎንበስ ብላ ጫማዋን መልሳ ታስር ነበር። አሸናፊዎቹ ዋንጫቸውን ይዘው ሄደዋል፤ ከኮልፌ ሰው ግን አንድም አልሄደም።