የሃካቶኑ እርቅ

አንድን ሰው አጥፊ ለማለት ምን ያህል ማስረጃ ይበቃዎታል? ለብሩክ አንድ ቻርጀር በቅቶታል።

ነገሩ የሆነው ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ተማሪዎች ለመንግሥት አገልግሎት የሚውል ቴክኖሎጂ ሠርተው በሚወዳደሩበት አዳራሽ ነው። ሃካቶን ይሉታል። የአዳራሹ መስኮቶች አይገጥሙም፤ ብርዱ እንደ ልቡ ይገባል። ተማሪው ጋቢ ደርቦ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል። ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ባነር «ዜጋውን ያስቀደመ አገልግሎት» ይላል። ዜጋው ከመንገዱ ማዶ፣ ቀበሌው በር ላይ እንደተሰለፈ ነው።

ብሩክ ከጠዋት ጀምሮ እግሩ አላረፈም። አብራው የምትሠራው ሰናይት ጠረጴዛው ስር ረገጠችው።

«አንተ ሰውዬ፣ የስፌት መኪና ላይ ነህ እንዴ?»

«ነገ ዳኞቹ ሲያዩልን አርፋለሁ።»

ቢያሸንፉ የዞኑ ሰዎች ፕሮግራሙን በሚቀጥለው ወር ከተማው ዳር ያለው የተፈናቃዮች መጠለያ ሊያስገቡት፣ ብሩክንም ለዚሁ ሥራ ሊቀጥሩት ቃል ገብተዋል። አባቱ ታመው ከፋብሪካ ከወጡ ወዲህ ቤቱ የሚጠብቀው እሱን ነው። አሁን ጥፍሩን እየበላ ነው።

ፕሮግራሙ ቀላል ነው። ዱቄት ሲታደል እያንዳንዱ ሰው ስልክ ፊት ይቆማል፤ ካሜራው መልኩን ያያል፤ ያልቀረበ ሰው ስሙ ይሰረዛል። ማንም በማንም ስም አይወስድም። ሐሳቡ የብሩክ ነው፤ አብዛኛውን ኮድ የጻፈችው ሰናይት ናት።

ለሙከራ የሰናይትን እናት፣ እትዬ ታንጉን፣ ከመጠለያው አስመጧቸው። ካሜራው ገና ቀና ሲሉ አወቃቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ የልጃቸው የሙሉቀን ስም መጣ።

«እሱስ፣ እትዬ?» አለ ብሩክ።

«ይመጣል።»

«የት ነው ያለው?»

«መንገድ ላይ ነዋ! ከወለጋ ስንወጣ ከኋላችን ቀረ እንጂ ይመጣል። ጎረቤቱ ሁሉ ልቅሶ ተቀመጪ ይለኛል። ምን ሲደረግ!»

ፕሮግራሙ ጥቂት ጠበቀና የሙሉቀንን ስም በቀይ ሰረዘው።

«ሠራ!» ብሎ ብሩክ ከመቀመጫው ብድግ አለ። የአጠገቡ ቡድን አጨበጨበለት። እትዬ ታንጉም ነገሩ ባይገባቸውም አብረው አጨበጨቡ። ሰናይት እናቷን እስከ በሩ ሸኝታ ተመለሰች።

«በደንብ ይሠራል» አለች።

ጭብጨባውን ሰምቶ ፍቅሩ መጣ። የአንኮበር ልጅ ነው፤ የእሱ ቡድን የግብር ወረፋ የሚያስቀር ነገር እየሠራ ነው።

«ብሩኬ፣ ነገ ዋንጫውን ይዤ አንኮበር ስወጣ ታሸክመኛለህ አይደል?»

«ቤተ መንግሥታችሁ ፈርሷል፤ የት ልታስቀምጠው ነው?»

ሦስቱም ሳቁ። ብሩክ ግን ፍቅሩ ከሄደ በኋላም ዓይኑን አላነሳበትም። ሰው እንዲህ የሚቀልደው አንድ ነገር ቢተማመን ነው ብሎ አሰበ።

ምሳ ሰዓት ላይ ብሩክ ምሳውን ሳይጨርስ ከሁሉ ቀድሞ ተመለሰ። ፍቅሩ የእነብሩክ ላፕቶፕ ላይ አጎንብሷል።

«ምን ትሠራለህ?»

«ቻርጀርህን ልዋስ ብዬ ነው፤ የኔው ተቃጠለ» አለና ነቅሎ ወሰደው።

ብሩክ ሰናይት እስክትመጣ አዳራሹን ሲዞር ቆየ። ስትመጣ ላፕቶፑን ከፈቱት። ሥራቸው የለም። ፎልደሩ ባዶ ነው።

ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሌላ ቦታ ያስቀመጡት ቅጂ አልነበረም። የቀረው ሰናይት ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ያሰረችው ፍላሽ ብቻ ነው። ፈትታ ሰካችው። እሱም ባዶ ነው።

«ቫይረስ ነው!» አለ ብሩክ። «ፍቅሩ ላፕቶፑ ላይ ጭኖበት ነው ፍላሹንም የበላብን!»

ሰናይት ፍላሹን ነቅላ መልሳ አንገቷ ላይ አሰረችው።

ብሩክ ፍቅሩን ኮሌታውን ይዞ ግድግዳው ላይ አጣበቀው። ወንበር ወደቀ፤ ሰው ተሰበሰበ። መሐል ገብተው የለያዩአቸው መምህር ወልደተንሣኤ ናቸው፤ የመዘዞ ሰው፣ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው። ፍቅሩን ወደ ኮሪደሩ ይዘውት ወጡ። ብሩክ በበሩ መስታወት አየ፤ ፍቅሩ ራሱን ይወዘውዛል፤ ጋሼ ትከሻውን ቸብ ቸብ እያደረጉ ያባብሉታል። ፍቅሩ ደግሞ ራሱን ወዘወዘ። ጋሼ ደግሞ አባበሉት። በመጨረሻ ፍቅሩ አንገቱን ደፋ።

ሲመለሱ ፍቅሩ በሩን የሚያስደግፉበትን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሟል። ብሩክና ሰናይት ፊት መጥቶ ተንበረከከ።

«አጥፍቻለሁ» አለ፤ ድምፁ አይሰማም። «ይቅር በሉኝ።»

«ይኸው አመነ!» አለ ብሩክ ለተሰበሰበው ሰው።

«ማን ምን አደረገ አንባባልም» አሉ ጋሼ። «ልጁ ዝቅ ብሏል፤ ይበቃል። ዳኞቹን ለምኜ አንድ ሳምንት አስጨምርላችኋለሁ። ይቅር ካላችሁት የፍቅሩ ቡድንም ያግዛችኋል። ፕሮግራሙ እንደገና ይሠራል፤ መጠለያውም በታሰበው ወር ይገባል። ብሩክ፣ ምን ትላለህ?»

የብሩክ እግር ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈ።

«ለእግዜር ብዬ ይቅር ብዬዋለሁ።»

«ተባረክ! አንቺስ፣ ልጄ? እየከበደው ነው፤ ይቅር በይውና ድንጋዩን አውርጂለት።»

ሰው ሁሉ ሰናይትን ያያል። ብሩክ ክንዷን በቀስታ ነካ አደረጋት፤ እሷ ግን ክንዷን ሰበሰበች።

«አውርደው፣ ፍቅሩ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «የወንድሜን ስም የሚሰርዝ ነገር መልሼም አልሠራም፤ ይቅርታም አልጠይቅም፤ ማንንም ይቅር አልልም።»