የእትዬ ወለተሐና ተራ

«በመሃል እለፍ እንጂ፤ አንተ እንግዳ ነህ» ይሉታል እትዬ ወለተሐና።

ዘርአ ዳዊት በሩ ላይ ቆሟል። የቤቱ ወለል ከዳር እስከ ዳር ትኩስ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። እትዬ ወለተሐናና ልትረዳቸው የመጣችው ጎረቤታቸው አስካለማርያም ሣሩ እንዳይተኛ ግድግዳውን ታከው በጠርዝ በጠርዙ ነው የሚመላለሱት። ጫማውን ከደጁ ድንጋይ ላይ ይጠርግና በመሃል ያልፋል።

የማኅበሩ ጽዋ ከምሰሶው ሥር፣ በርጩማ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ሊወስደው ነው የመጣው።

«አባትህ ልከውህ ነው? አግዳሚው ይበቃ እንደሆነ እይ ብለው?»

«አዎ… አይደለም» ይላል።

አስካለማርያም ከጋኑ ጠላ እየቀዳች ትስቃለች። «ጃንሆይ ኮሌጅ ቢያስገቡት አዎንና አይደለምን አንድ ላይ ማለት ተማረ።»

የተማረውስ ሌላ ነው። አዲስ አበባ፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ የሥራ አመራር ሒሳብ መግቢያ የሚባለውን ትምህርት ከሁሉ አብልጦ ወዶት ነበር። ህንዳዊው መምህር ወጪን በየወገኑ ይለዩታል፤ ሥራው በዛም አነሰም የማይነቃነቅ፣ ከሥራው ጋር የሚወጣና የሚወርድ፣ ሰው ከቆረጠ ሊቀር የሚችል። ለእረፍት አንኮበር ሲመጣ አባቱ «እስቲ ምን አስተማሩህ?» አሉት። አባቱ የጊዮርጊስን ማኅበር የሚመሩት ሙሴ ናቸውና እሱም የቅርቡን ምሳሌ አነሣ። በየወሩ በየአባሉ ቤት ከሚደገስ ሁሉም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቢሆን፣ በአንድ ጠማቂ፣ በአንድ ምድጃ፣ ስንት ወጪ ይቀራል። «ይልቁንም» አለ፣ «እንደ እትዬ ወለተሐና ላሉ ባልቴቶች ዕረፍት ነው።»

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ቃል ተቀበሉት። «አንተው ሄደህ ንገራቸው» አሉት አባቱ።

እሑድ አልሄደም። ሰኞ ጉሙ ከቆላው ወጥቶ መንገዱን ሸፈነው። ከዚያ ወዲያም በየቀኑ አንድ ምክንያት አልጠፋም። ዛሬ የወሩ ጊዮርጊስ ነው።

«ቅመስ» ይላሉ እትዬ ወለተሐና ዋንጫ እያቀበሉት። ጠላው ጠቁሮ ጠርቷል። «ባለቤቴ ገብረአማኑኤል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ ያለውን ነበር የሚወደው። ማኅበሩን በሱ ፈንታ ከተቀበልኩ ወዲህ ተራዬ ገና ዛሬ ደረሰ። አምና አሞኝ አለፈኝ። ከተዝካሩ ወዲህ ይህ ቤት ሰው ሞልቶበት አያውቅም።»

«በርበሬውን ሊገዙ በዚያ ጉልበታቸው ቁልቁል አሊዩ አምባ ወርደዋል» ትላለች አስካለማርያም። «ገሾውንም ለኔ አላመኑም፤ ራሳቸው ናቸው የወቀጡት። የኔ ክንድ ምን እንዳደረጋቸው እንጃ።»

«ክንድሽስ ደኅና ነው። አፍሽ አይዘጋም እንጂ፤ ምራቅ ይገባበታል።»

ሴቶቹ ይሳሳቃሉ። ዘርአ ዳዊት በግድግዳው ጥግ የተደረደሩትን ጋኖች ያያል። የወጣ ወጪ ወጥቷል፣ ውሳኔ ውስጥ አይገባም፣ ብለው ነበር መምህሩ፤ ሰሌዳው ላይ ጽፈው ከሥሩ አስምረውበታል። በፈተና ሲመጣም ይህን ጥያቄ አልሳተውም።

«እትዬ» ይላል። «ድግሱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሆኗል። ከዛሬ ጀምሮ። እርስዎ እንዳይደክሙ ብለው ነው።»

አስካለማርያም መቅዳቷን ታቆማለች። «እነማን?»

«ማኅበሩ።»

«የማን ምክር ነው?»

«የማኅበሩ ነው።»

እትዬ ወለተሐና እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ያብሳሉ። አንዱን እጅ፣ ከዚያ ሌላውን።

«ላሰበልኝ እግዜር ይስጠው» ይላሉ። «ማንም ይሁን ማን።»

ዘርአ ዳዊት ዋንጫውን የሚያስቀምጥበት ያጣል።

«ይሄ ሁሉ ጠላስ?» ትላለች አስካለማርያም። አሁን ድምፅዋ ቀልድ የለበትም።

«ጠላውስ ይጠጣል፤ ምን ይሆናል» ይላሉ እትዬ ወለተሐና። «ሰዉ ነው እንጂ።»

«ለአባቴ ልንገራቸው» ይላል ፈጠን ብሎ። «ሮጬ ሄጄ፣ ለዛሬ ብቻ እዚህ ይሁን ልበላቸው።»

«ተሰብስበዋል?»

«ተቀምጠዋል።»

«እንግዲያ ተው፣ ልጄ። የተቀመጠ ሰው አስነሥቼ ኑልኝ አልልም።»

ወደ ምሰሶው ሄደው ጨርቁን ያነሡታል። ከዚያም ጽዋውን ይዘው ወደ ጋኑ ጎንበስ ይላሉ፤ እስከ አፉ ይሞሉታል። «ባዶውን አልመጣልኝም፤ ባዶውንም አይሄድም» ብለው በሁለት እጃቸው ይሰጡታል። እሱም በሁለት እጁ ይቀበላል።

«በዝማሬ ነበር የሚሸኘው» ትላለች አስካለማርያም ወደ ግድግዳው ዞራ። «ጀምርልን እንግዲህ፣ ተማሪው።»

ዝማሬውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ጽዋውን ወደ ደረቱ ያስጠጋል እንጂ አይጀምርም።

«ግድ የለም» ይላሉ እትዬ ወለተሐና። «እንዳይፈስብህ ቀስ ብለህ ሂድ።»

ይዞራል። ዓይኑን ከጽዋው ከንፈር ላይ አያነሣም። ከጽዋው በታች ቄጠማው ይታየዋል፤ ለማኅበሩ ሁሉ የተጎዘጎዘው፣ ማንም ያልረገጠው። በመሃሉ የተኛ አንድ መስመር ብቻ አለ፤ የእሱ ጫማ የመጣበት። ሌላው እንዳይተኛ በዚያው በራሱ ዱካ ላይ እየረገጠ ይወጣል።