አባ ዳለቻ

«አጥፋው!» አሉ ኦቦ መገርሳ ገና ከበሩ።

ዲኖ ከፈታታው ስልክ ላይ ቀና ብሎ ድምፅ ማጉያውን ዘጋ። ሰሞኑን ቡራዩ ውስጥ ለሞተው ባጃጅ ነጂ ለሊቤ የተገጠመውን ራፕ የማያስጮህ ሱቅ የለም፤ የሟቹ አባት ግን እሱ ዘንድ መጡ። ግጥሙን የሠራችው የአናጢው የኢቲቻ ልጅ ሄመን ናት፤ መጀመሪያ ያሰማችውም ዲኖን ነው። ጠዋት ደውላ «አባቱ ከከፋቸው ዛሬውኑ ከኢንተርኔት አጠፋዋለሁ። አንተ አስረዳልኝ፤ እኔ ፊታቸው መቆም አልችልም» ብላዋለች። እንደዚያ ያለ ግጥም ሲጠፋ ማየት ለዲኖ ከሱቁ መዘረፍ አይተናነስም።

«ኦቦ፣ አረፍ ይበሉ።»

«አላርፍም! ወጣቱ ሁሉ በሞተ ልጄ ላይ እየጨፈረ ምን ዕረፍት አለ? ሦስት እግር ነበረው አለችው አሉኝ። ሊቤ ምን ጎደለው? ምንስ ተረፈው?»

«ባጃጁን ነው እኮ፣ ኦቦ።» ዲኖ ጉሮሮውን ጠረገ። ግጥም ከእሱ አፍ ሲወጣ የዋጋ ዝርዝር ይመስላል፤ ቢሆንም ስንኙን አለው፦ «‹ሦስት እግር ነበረው፣ አንዱም አላነከሰ፤ ምጥ የያዛትን ጭኖ፣ በጭቃው የገሰገሰ።› ያኔ በክረምቱ፣ አሸዋ ሜዳ ጤና ጣቢያ ያደረሳት ሴት ነች። ስለ ልጇ አልሰሙም? ስሙን ሊቤ ብለውታል።»

ሽማግሌው ይህን አልሰሙም ነበር። ትንሽ ለዘብ አሉ፤ ግን ከበሩ አልተነቃነቁም።

«ደግሞ ‹ቀደመ› ትለዋለች። ልጄ የሰው ተራ ቀድሞ አያውቅም። የተራ አስከባሪውን ጠይቅ።»

«እሱን ነው የምትለው! ‹ተራውን ጠብቆ የኖረ፣ ለሞት ጊዜ ግን ቀደመ።› እዚህ ላይ ነው ልጁ ሁሉ የሚያጨበጭበው፤ ስቆበት አይደለም፣ አንጀቱ ተነክቶ ነው።»

«የማንን ተራ ነው የቀደመው?»

ዲኖ መልሱን ያውቃል። እንደዚህ ባለ ቦታ አዋቂ መሆን ምን ያደርጋል? ብሎን መፍቻውን ጭኑ ላይ አኖረ።

«የኔን» አሉ ኦቦ መገርሳ፤ መጥተውም በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

ውጭ አንድ ረዳት «ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች!» እያለ ይጣራል። ዲኖ ሻይ ልዘዝልዎት ቢል በእጃቸው ከለከሉት።

«ጨርሰው። ሁሉም አብረው የሚጮኹት ምን ነበር? በግርግሩ አልሰማሁትም።»

ዲኖ የፈራት ይህችን ነበር። ሁሉንም ስንኝ እንደ ስልክ ፈታትቶ ያውቀዋል፤ ይህችን ግን ለዜማ መሙያ አድርጎ አልፏት ነበር። «እ... ‹አባ ዳለቻ! አባ ዳለቻ!› ነው የሚሉት፣ ኦቦ። ዳለቻ ባጃጇ ናት። ሰማያዊ ቀለሟ ፀሐይ በልቶት አመድ ሲመስል ሊቤ ያወጣላት ስም ነው። ‹አባ› ለምን እንዳለችው እኔንጃ። ካስቀየመዎት እሷን ብቻ እንኳ ...»

«ድገመው።»

«አባ ዳለቻ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«አባቴን ቦጂያ ብላ የምትጠራው እናቱ ብቻ ነበረች። ለሌላው አባ ቡላ ነበር። ቡላ ፈረሱ ነው። ፈረስ ስለነበረው ብቻ እንዳይመስልህ። ፈረስማ ስንቱ ነበረው! ወንድ በፈረሱ ስም የሚጠራው ሰው ሲመሰክርለት ነው። ራስህ አውጥተህ ራስህ አትጠራበትም።» ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አዞሩት። «እኔ በሬ ጠምጄ ኖርኩ፤ ማንም አባ እገሌ ብሎኝ አያውቅም። ሊቤ ማረሻ ጥሎ ባጃጅ ሲይዝ የአያትህን ስም አዋረድክ አልኩት። እንደተቀየምኩት ነው የሞተው።»

ዲኖ መቶ ጊዜ የሰማው ዘፈን እንደ አዲስ ሆነበት። ያቺ ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ የት ሄዳ፣ የማንን ጆሮ ተውሳ ነው ይህን ያመጣችው? እንዲህም ተዋህደው ያውቃሉ ፈረስና ባጃጅ? ያደንቃት ነበር፤ አሁን ግን ፈራት።

«ታጥፋው እንዴ፣ ኦቦ?»

«አላህን አትፈራም? ክፈተው። ጮክ አድርገህ።»

ዲኖ ከፈተው። የሄመን ድምፅ ሱቁን ሞላው፤ ጭቃው፣ ምጡ፣ ተራው አለፈ። ሁሉም የሚጮኹበት ቦታ ሊደርስ ሲል ኦቦ መገርሳ ጉልበታቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«የአባቴ የፈረስ ስም ሲጠራ ቁጭ አንልም ነበር» አሉ።

ከስፒከሩ የመቶ ወጣት ድምፅ «አባ ዳለቻ!» ሲል ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ዲኖም መቆሙን ያወቀው ብሎን መፍቻው ከጭኑ ወድቆ ሲንቃጨል ነው።