ጋዜጠኛ ሽማግሌ አይሰማም

የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሥነ ምግባር ከአገር አገር እንዴት እንደሚለያይ አጠናለሁ ያለው ፈረንጅ፣ ዶክተር ሄንድሪክ፣ ለክፍሉ መጠይቅ በተነ። «የምትጽፉበት ሰው ሽማግሌ ቢልክባችሁ ዜናውን ትተዉታላችሁ?» ይላል አንዱ ጥያቄ። ተማሪዋ ስመኝ ሳትዋሽ፣ «እንዴታ! ሽማግሌ አሳፍሬ አልመልስም» ብላ ጻፈች።

ዶክተሩ መልሷን ለክፍሉ አንብቦ ተንከተከተ። «ኋላ ቀርነት ማለት ይሄ ነው! ጋዜጠኛ ሽማግሌ አይሰማም።»

ስመኝ ምክሩን ተቀበለች። ጥናቱን ብታፈላልግ ታትሞ አገኘችው፤ ያውም መጠይቁ ከመበተኑ ከሦስት ወር በፊት፣ የእነሱን ክፍል «ውጤት» ይዞ። ይህንኑ ለተማሪዎች ጋዜጣ ጽፋ ስታበቃ፣ ወግ ነውና ቢሮው ሄደች። «ዶክተር፣ ሐሙስ ይወጣል። የሚሉት ካለ ልስማዎት።» ፊቱ አመድ መሰለ።

ረቡዕ ማለዳ የእነ ስመኝ ቤት በር ተንኳኳ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ የሰፈሩ ቄስና የእድሩ ዳኛ ቆመዋል።

«ኧረ ግቡ!» አለች እናቷ።

«ልጅቷ እሺ ሳትለን አንገባም» አሉ ቄሱ።

ከኋላቸው ዶክተር ሄንድሪክ ነጠላ አደግድጎ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አቀርቅሯል።

ስመኝ ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሳች። «አንዴ እንደቆማችሁ ጠብቁኝ» አለችና ካሜራዋን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።