ይለማመዳሉ

«ይበላቸዋል እያልኩዎት ጋሽ ድንቁ!» አለች የጌጥ ዓሣ ሻጯ ስንዱ።

«ምን ይበላቸዋል! አንድ ገንዳ ውስጥ ሲውሉ ሲያድሩ ይለማመዳሉ» አሉ ጋሽ ድንቁ፣ ኦስካር የሚሉትን ደረቱን የነፋ ትልቅ ዓሣና ጋፒ የሚሏቸውን ሚጢጢዎች ባንድ ላይ ካልገዛሁ ብለው ድርቅ።

ዓሣ የሚያውቁት ተጠብሶ ሲመጣ ነው። በማስታረቅ ግን አይታሙም፤ በሰፈሩ ያላስታረቁት ቢኖር ድመትና አይጥ ነው። ስንዱንም ሁለቴ አስታርቀው ለባሏ መልሰዋታል። ከሁለተኛው ዕርቅ በኋላ የፊት ጥርሷ የለም።

«ለማን ነው ግን?»

«ለልጄ። ቤት ተከራይታ ወጣች፣ ብቻዋን እንዳይደብራት ብዬ።»

«እንግዲያው ጠዋት ስትነሳ ጭራ ጭራቸውን ታገኛለች።»

ጋሽ ድንቁ የልጃቸው ለቅሶ ታያቸውና ክው አሉ። «ተይው በቃ! ይሄን ተናካሽ ዞር አድርጊልኝ፤ የኔ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አትችልም!»

ስንዱ ጋፒዎቹን ብቻ ውሃ በሞላ ላስቲክ ቋጠረች። ጋሽ ድንቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ እንኳ ዋናው የመጣሁበት... ባልሽ ልኮኝ ነው። ተፀፅቷል። ግቢለት ልጄ፤ አብራችሁ ስትኖሩ ትለማመዳላችሁ።»

ስንዱ ላስቲኩን አቀበለቻቸው።

«ልጅዎን ይዳሩለት።»