አባቱን የበላች መኪና

ቀይዋ የእሽቅድድም መኪና የአሮጊቷን ልጅ ናዝሬት መንገድ ላይ ከበላች ወዲህ፣ ሸራ ለብሳ ጓሮ ተጥላ ነበር። አሁን የሟቹ ልጅ ኢዮስያስ የተጨፈለቀ አፍንጫዋን አስቀጥቅጦ፣ ሞተሯን አሳድሶ ቀለም ቀባት። አያቱ በአጠገቧ ባለፈች ቁጥር «አንቺ ደም የለመድሽ!» እያለች ትተፋባታለች።

«ዛሬ እወዳደርባታለሁ፤ ብታለቅሺም አልቀርም» አላት።

«ከምትሄድስ እግርህ ይሰበር!»

መኪናዋ የግቢውን በር ሳታልፍ አስላ አስላ ሞተሯ ጠፋ። ሞተሯን ያደሰው መካኒክ ከሰልባትዮዋ ቤንዚን በጠርሙስ ቀድቶ አየና፣ «ውሃ አለው፤ ሰው ነው የጨመረበት» አለ።

ኢዮስያስ ወደ አያቱ ዞሮ ጮኸ። «እቴቴ! አንቺ ምቀኛ! ውሃ ጨመርሽባት?»

«አፍህን ያዝ! ጸበል ነው እንጂ ውሃ አይደለም። እምቢ ካልከኝ በምን ልጠብቅህ? ያኔ ለአባትህም ጨምሬለት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ በሕይወት ነበር።»